የጎንደርን የቆሻሻ ዕቅድ ስናወጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የሚከፋው ቆሻሻውን በእጃቸው የማይነኩ ሰዎች ብቻቸውን ማቀዳቸው ነው። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከተሞች የደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ ሲያወጡም ሲተገብሩም የታችኛውን የአስተዳደር እርከንና ነዋሪውን እንዲያሳትፉ አዝዞ ነበር። ያለቀ ሰነድ አዳራሽ ውስጥ አንብቦ ማስጨብጨብ ግን ማሳተፍ አይደለም። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ጋሪ የማይገባበትን ቅያስ፣ በክረምት የሚጨቀየውን መንገድ የሚያውቁት በማኅበር ተደራጅተው ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ።

ቀጥሎ ቆራሌውን መርሳት። ሃይላንዱን፣ ጣሳውን፣ ብረታ ብረቱን ከየቤቱ ገዝቶ ሲወስድ የከተማውን ሸክም በነፃ እያቀለለ ነው። ዕቅዱ ሁሉንም ገንዳ ውስጥ ከከተተው እሱ እንጀራውን ያጣል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሊሸጥ ይችል የነበረውን ዕቃ ነዳጅ አቃጥሎ ያራግፋል። ቆራሌዎች ዕቃ የሚያከማቹበትና የሚለዩበት ቦታ በዕቅዱ ይካተት።

እርጥቡን ከደረቁ መቀላቀልም ብዙ ያስከፍላል። ከከተሞቻችን ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ በቅዳሜ ገበያ የሚቀረውን የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የጫት ገረባ ማየት ይበቃል። ይህ ለብቻው ቢሰበሰብ ለአካባቢው ገበሬ ኮምፖስት ይሆናል። ጠርሙስ ስባሪና ባትሪ ድንጋይ ከገባበት ግን ማንም ማሳው ላይ አይበትነውም፣ ልክም ነው። እኔ ብሆን መለየቱን ከገበያው እጀምራለሁ፤ ብዙ እርጥብ ቆሻሻ አንድ ቦታ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ገንዳ አስቀምጦ የሚነሳበትን ቀን አለመወሰን ሌላው ነው። ገንዳው ሲሞላ ሰው ፌስታሉን ወደ ቀሃ ወንዝ ይወረውራል። የፋሲለደስን ጥምቀተ ባሕር ለጥምቀት የምንሞላው በዚሁ ወንዝ ውሃ ነው! ወንዙ የወሰደውም የመገጭን ወንዝ ተከትሎ ጣና ይገባል። የማንሻው ቀን ከገበያ ቀን ጋር ይያያዝ፤ ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ ራሱን የቻለ መርሐ ግብር ያስፈልጋል።

ማራገፊያውን ከመኖሪያ ቤት ማጠጋት በፍጹም አይሞከር። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

በክፍያ በኩል ሆቴሉና ጠላ ሻጯ እኩል አይጠየቁ። ከሚሰበሰበውም ገንዘብ የሠራተኞቹ ጓንት፣ ቦቲና ሕክምና ቀድሞ ይመደብ።