ጆሯችሁ እየጮኸ በሙዚቃ እንጀራ እንዴት እንደሚበላ

ይሄን የምጽፈው ጆሯቸው "ሲ" ወይም "ጭው" እያለ እንቅልፍ ለነሳቸው፣ በዛ ላይ የክራሽ ሲምባል ወይ የብርጭቆ ኳ ማለት ለማይቻላቸው ሙዚቀኞች ነው። እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሰርግም ክለብም እሰራለሁ፣ ጆሮዬ መጮህ ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል፣ አሁንም ይጮሃል፣ አሁንም እየሰራሁ ነው። ብዙ ልጆች ሲጀምራቸው ሙያው ያለቀለት ይመስላቸውና ወይ ሁሉን ነገር ጥለው ቤት ይቀመጣሉ ወይ ለማንም ሳይናገሩ እንደ ድሮው ይቀጥላሉ፣ ሁለቱም ይጎዳል።

1. ሐኪም ጋ ሂዱ

ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ አድርጉ። አንዳንዴ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኝና ይወጣል፣ ያልቃል። በክብሪት እንጨት ግን አትቆፍሩት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም እያሉ ጆሮ ውስጥ መጨመርም ይቅርባችሁ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር አለ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ከቀነሰ በዛው ቀን መሄድ ነው፣ ምክንያቱም ለሱ የሚሰጠው የስቴሮይድ ህክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ወይም ማዞር ካለው ደግሞ "ከሙዚቃው ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ይታይ።

ሐኪሙ "መድኃኒት የለውም፣ ልመደው" ሊላችሁ ይችላል። ጩኸቱን የሚያጠፋ መድኃኒት አለመኖሩ እውነት ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምጽ ተቀባይ ሴሎች ከተጎዱ ሰው ላይ መልሰው አይበቅሉም፣ አእምሮ ደግሞ የሚመጣለት ድምጽ ሲያንስበት ልክ ሳውንድ ማኑ ደካማ ማይክ ላይ ጌይን (የማጉያውን መጠን) እንደሚጨምረው የራሱን ጌይን ከፍ ያደርጋል፣ ያኔ "ሽ" የሚለው ድምጽ ይሰማል። የድምጽ አለመቻሉም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ይሄን ያዙልኝ፣ 4ኛው ላይ ያስፈልገናል።

2. የምትሰሩበትን ድምጽ ለኩ

ኒኦሽ የሚባለው የአሜሪካ የስራ ቦታ ጤና ተቋም ያወጣው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ሞኒተር (ሙዚቀኛው ራሱን የሚሰማበት የመድረክ ስፒከር) እና ድራም መሃል የቆመ ሰው 100 ማለፉ ብርቅ አይደለም፣ ምሽቱ ደግሞ 15 ደቂቃ አይደለም። አይፎን ያላችሁ የኒኦሽን ነጻ አፕ ጫኑ። አንድሮይድ ላይ ያሉት አፖች ቁጥራቸው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ እኔ የዛሬውን ከትላንቱ ለማወዳደር ብቻ ነው የምጠቀምባቸው።

3. የጆሮ መሰኪያ

ጥጥና ሶፍት አይከላከሉም ማለት ይቻላል፣ እርሷቸው። ፎሙ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይቀንሳል፣ ግን ከቤዙ ይልቅ ቀጭኑን ድምጽ ስለሚበላው ሁሉ ነገር ይታፈናል፣ ሳይታወቃችሁ ኪውን መደብደብ፣ ድራሙን ማጠንከር ትጀምራላችሁ። ለጄነሬተር አጠገብ፣ ሙዚቃውን ለለቀቀ ሚኒባስ ይሁን። ለመድረክ ፊልተር ያለው፣ ኢቲሞቲክ የሚባለው ድርጅትና መሰሎቹ የሚሰሩት ዓይነት ነው የሚሻለው፣ ሁሉንም ድምጽ ተቀራራቢ አድርጎ ነው ዝቅ የሚያደርገው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስመጡ፣ የአንድ ምሽት የስራ ክፍያ እንኳን ቢበላ አይቆጭም። በጆሮ ልክ የሚቀረጸውን ማሰራት ከቻላችሁ 9፣ 15 እና 25 ዴሲቤል የሚቀንስ ፊልተር ይገባለታል፣ ለኪቦርድና ለጊታር 15 ይበቃል፣ ድራመር 25 ያስፈልገዋል። ዘፋኝ የራሱ ድምጽ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚጎላበት 9ኙን፣ በደንብ ጠልቆ የሚገባውን ይሞክር።

አገባቡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፎም ከሆነ በንጹህ ጣት ቀጭን እስኪሆን አሹት፣ በሌላኛው እጃችሁ ከጭንቅላታችሁ በላይ ዞራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡትና እስኪያብጥ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣታችሁ ያዙት። ከዛ "እምም" በሉ፣ ድምጻችሁ ከውስጥ ወፍሮ ከተሰማ ገብቷል። ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ ከታየ አልገባም። መጀመሪያ ልምምድ ላይ ልመዱት፣ ሰርግ ቀን አትጀምሩት።

4. ከመድረክ ስትወርዱ አውልቁት

ከባዱ ይሄ ነው። ድምጽ መወጋት ሲጀምር ሰው በተፈጥሮው ይሸሻል፣ ታክሲ ውስጥ ይሰካል፣ ቤት ይሰካል፣ ቡና ሲጠጣም ይሰካል። አንድ ድራመር ጓደኛዬ እንደዛ አድርጎ ከርሞ መጨረሻ ላይ ድራሙ ቀርቶ ሲኒ ከረከቦት ላይ ሲነሳ የሚሰማው ድምጽ ራሱ ያሳምመው ጀመር። ለምን እንደሆነ ከላይ ያልኩት ጌይን ይነግራችኋል፣ አእምሮ ዝምታ በበዛበት ቁጥር ጌይኑን ይጨምራል፣ ጌይኑ ሲጨምር ተራው ድምጽም የሚያም ይሆናል፣ ሰውየው ደግሞ የባሰ ይሰካል።

መመለሻው ቀስ ብሎ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሙሉ ዝምታ አይኑር፣ ሬዲዮ በዝቅተኛ፣ ፋን፣ የዝናብ ድምጽ፣ ከማያማችሁ በታች ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይሂድ። መሳሪያችሁን በሄድፎን ሳይሆን በስፒከር፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ለአጭር ጊዜ ተጫወቱ። ጓደኛዬ በብሩሽ ጀመረ፣ ከዛ በስቲክ ስኔር ብቻ፣ ሃይሃት ጨመረ፣ ክራሹ መጨረሻ ነው የመጣው። እየተጫወታችሁ ትንሽ ምቾት መንሳቱ ያለ ነው፣ ህመሙ ግን ለማግስቱ ካደረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እዛው ቆዩ፣ ደግማችሁ ውጡ። ወራት ይፈጃል፣ ልምምድ ሳይዘለል በየቀኑ ሲሆን ነው የሚሰራው። ህመሙ ኃይለኛ ከሆነ ወይም ጩኸቱ ጭንቀት ውስጥ ከከተታችሁ የስነ ልቦና ባለሙያ ጨምሩበት፣ አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሰራው፣ በምክክር የሚሰጠው ህክምና (ሲቢቲ) ጩኸቱን አይቀንስም፣ ጩኸቱ የሚያመጣውን ስቃይ ግን በመቀነስ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ማፈር አያስፈልግም፣ እጁ የታመመ ጊታሪስት ፊዚዮቴራፒ ይሄድ የለ።

5. መድረኩን አስተካክሉ

ከሲምባል ጎን አትቁሙ፣ አንድ ሜትር መራቅ እንኳን ለውጥ አለው። ሞኒተሩ ወደ ጆሯችሁ ይዙር እንጂ ጉልበታችሁን አይምታ፣ ያኔ በትንሽ ቮልዩም ትሰሙታላችሁ። ሳውንድ ማኑን "ጨምርልኝ" ከማለታችሁ በፊት "ሌላውን ከኔ ሞኒተር ቀንስልኝ" በሉት፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርትዝ ያለውንም ትንሽ ያውርድላችሁ፣ የሚወጋው በአብዛኛው እዛ ነው። ኢን ኢር (ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር) የምትጠቀሙ ሁለቱንም አድርጉ፣ አንዱን አውልቆ መጫወት የቀረውን ከፍ ያስደርጋል፣ የተከፈተው ጆሮም መድረኩን ሁሉ ይጠጣል።

ለባንድ መሪው ሳውንድ ቼክ ላይ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ለብቻው ንገሩት። "ጋሼ፣ ስራው ላይ ችግር የለብኝም፣ ጆሮዬን ስለሚያመኝ ቦታዬ ከድራሙ ራቅ ይበልልኝ" ማለት በቂ ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ስራ አልቀረብኝም። እረፍት ላይ ደግሞ ዲጄው ስለሚቀጥል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እረፍት የለም፣ ውጡ።

6. ማታ

ከስራ መጥታችሁ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አትግቡ፣ ጩኸቱ ያኔ ነው የሚገንነው። ሬዲዮ ወይ የዝናብ ድምጽ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሰማ፣ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነው፣ አእምሮ አብሮት መኖር ይልመድ። ቡና መተው ጩኸትን እንደሚያድን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም፣ ስለዚህ እንቅልፍ ካልነሳችሁ ጠጡ።

7. መድኃኒትና ወረቀት

ለሌላ በሽታ ስትታከሙም ሙዚቀኛ መሆናችሁንና ጆሯችሁ እንደሚጮህ ለሐኪሙ ተናገሩ። ጀንታማይሲን መርፌ፣ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት፣ በብዛት የሚወሰድ አስፒሪን ጆሮን ሊጎዱ ወይ ጩኸት ሊያመጡ ይችላሉ፣ አማራጭ ካለ ሐኪሙ ይመርጣል፣ የታዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። የመስማት ምርመራውን በየዓመቱ ድገሙ፣ ከስራ ማግስት ሳይሆን ጆሮ ካረፈ በኋላ፣ ወረቀቱንም አትጣሉ። በድምጽ የተጎዳ ጆሮ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደው 4000 ኸርትዝ አካባቢ ስለሆነ ያቺን ነጥብ ካምናው ጋር አስተያዩ፣ ከወረደች የፊልተሩን ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ የምሽት ስራውንም ቀንሱ።