ግራፉ ደረጃ ከሠራ ሴንሰሩን አትጠርጥሩ

በየሴኮንዱ የተለካ የሙቀት ዳታ ስትስሉ ነጥቦቹ በቁም ተደራርበው፣ በመሃል ሰፊ ባዶ ቦታ ትተው ከታዩ መጀመሪያ የጊዜው ዓምድ በምን ዓይነት ቁጥር እንደተቀመጠ እዩ። ፍሎት32 (ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥርን በ32 ቢት የሚያስቀምጥበት ዓይነት) ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ፍሎት32 ለቁጥሩ አሃዞች የሚይዘው 24 ቢት፣ ማለትም 7 አሃዝ ገደማ ብቻ ነው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴኮንድ የሚቆጠረው የዩኒክስ ሰዓት ግን 1,700,000,000ን አልፏል፤ 10 አሃዝ! በዚህ መጠን ላይ ሁለት ተከታታይ የፍሎት32 ቁጥሮች በ128 ይራራቃሉ። ስለዚህ የ128 ሴኮንድ ልኬት በሙሉ አንድ ቦታ ይከመራል።

ጊዜውን በኢንት64 (ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር) ወይም በፍሎት64 (ባለ 64 ቢት አስርዮሽ) አንብቡ፤ የመጀመሪያውን የጊዜ ንባብ ከሁሉም ላይ ቀንሱ፤ ከዚያ ብቻ ወደ ፍሎት32 ቀይሩ። ቀድማችሁ ቀይራችሁ ኋላ ብትቀንሱ የጠፋው አይመለስም። ኮዳችሁ በፍሎት64 ቢሠራም እንኳ መቀነሱን አትተዉት፤ በግራፊክስ ካርድ የሚስሉ ብዙ ፕሮግራሞች ሳይነግሯችሁ ወደ ፍሎት32 ያወርዱታል።

የፓይተን ግራፍ መሳያው ማትፕሎትሊብ በዘንጉ ጫፍ ላይ የመደመር ምልክት ያለው ትልቅ ቁጥር ቢጽፍ ግን አትደንግጡ። እሱ ከዘንጉ ቁጥሮች ላይ ለንባብ ያህል የተቀነሰው ነው፤ ዳታው አልተነካም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተስተካከለ ዳታው የተቀመጠበትን የሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ጽሑፍ) ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱት። 1700123456 የነበረው 1.70012e+09 ሆኖ ከተጻፈ ሲቀመጥ በ6 አሃዝ ተቆርጧል፤ የቀረው ልዩነት በ10,000 ሴኮንድ ነው፣ ከምንጩ እንደገና ከማውጣት ሌላ መላ የለውም።