እግር እያዩ መጫወት፦ ለስኮትላንድ ካንትሪ ዳንስ ሙዚቃ እንዴት ይጫወታል?

አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ፊት ለፊት ሁለት ረድፍ ሠርተው ቆመዋል፤ ብዙ ጊዜ አራት ጥንድ ሆነው። ባንዱ መጀመሪያ የሚያሰማው ዜማ አይደለም። አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ነው፣ ረዘም ያለ። በእሱ ላይ ወንዶቹ ጎንበስ፣ ሴቶቹ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው እጅ ይነሳሳሉ። ቀና ሲሉ ዜማው ይገባል። ኮርዱን ካስቸኮላችሁት ግማሹ ሰው እንዳጎነበሰ ጭፈራው ይጀመራል።

ከዚያ በፊት ግን ቤት የሚያልቅ ሥራ አለ። መጀመሪያ ጭፈራው ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ እወቁ፦ ሪል፣ ጂግ ወይስ ስትራዝፔይ? ሪልና ጂግ ፈጣኖች ናቸው። ጂግ 6/8 ነው፣ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቆጠሩ ስድስት አጫጭር ኖታዎች። የእኛ ሙዚቀኛ 6/8 ሲባል እጁ ወደ ቺክቺካ ሊሄድበት ይችላል፤ ያዝ ያድርገው፣ የዚህኛው አነጋገር ሌላ ነው።

ስትራዝፔይ ስሙን ያገኘው ከስፔይ ወንዝ ሸለቆ ነው። ዝግ ያለ ነው፣ በባር (ዜማው በሚከፈልበት እኩል የምት ክፍል) አራት ምት። ጣዕሙ ያለው አጭሯ ኖታ ቀድማ ረጅሟ ስትከተል ነው፦ ታ-ታአም። ኖታዎቹን እኩል አድርጎ የሚጫወት ሰው ጨው የሌለው ወጥ እንዳቀረበ ቁጠሩት።

ቀጥሎ ዜማ መምረጥ። የተለመደው ጭፈራ አንዱ ዙር 32 ባር ሲሆን 8 ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ዜማ ስምንቴ ቢመላለስ ተጫዋቹም ጨፋሪውም ይሰለቻል። ስለዚህ በጭፈራው የራሱ ዜማ ጀምራችሁ ሦስት ሌሎች ተመሳሳይ ዓይነት ዜማዎች ጨምሩ። አንዱ የተለመደ አደራደር 1-2-3-4-1-2-3-1 ነው። የመጀመሪያው ዜማ መጨረሻ ላይ ሲመለስ ጨፋሪዎቹ “ይቺ የመጨረሻዋ ናት” ብለው ይነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1923 ግላስጎው ላይ የተመሠረተው ሮያል ስኮቲሽ ካንትሪ ዳንስ ሶሳይቲ የጭፈራ መጽሐፎችና ኖታ ስለሚያሳትም የራሱን ዜማ ማግኘት አያስቸግርም።

ቆጠራው ቢጠፋባችሁስ? ለሁሉም ይደርሳል። ሲጀመር ከሁሉም ታች ቆሞ የነበረውን ጥንድ በዓይን ፈልጉ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ጥንድ ከላይ ጀምሮ በተራ ሁለት ሁለት ዙር ይመራል። እነሱ ሁለተኛ ዙራቸውን ከጀመሩ ስምንተኛው ላይ ናችሁ።

አሁን ወደ ዋናው፦ ፍጥነት። ለሪልና ለጂግ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 110 ምት አካባቢ አድርጋችሁ ተለማመዱ። ስምንቱ ዙር አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ስትራዝፔይ ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። አዳራሽ ስትገቡ ግን ሜትሮኖሙን ተዉትና እግር እዩ። ጫማው መሬት የሚነካው ከምቱ ኋላ ከሆነ ፈጥናችኋል። እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። አዛውንትና ጀማሪ የበዛበት ቀን ትንሽ ቀነስ አድርጉ። ሰው እልል ሲል ግን አብራችሁ አትሩጡ! ሞቅ ያለው ሰዓት ላይ ነው ባንድ የሚበላሸው። ሌላው ደግሞ፣ በየ8 ባሩ ጨፋሪው ወደ ሌላ ቅርጽ ይሻገራል። የዜማው ሐረግም እዚያው ላይ በግልጽ ይዘጋ።

ሙሉ ባንድ ሲኖር አኮርዲዮን፣ ቫዮሊን፣ ፒያኖ፣ ደብል ቤዝና ድራም የተለመዱ ናቸው። ፒያኖው አያጊጥ፤ ግራ እጅ ምቱን ይርገጥ፣ ቀኝ እጅ በምቶቹ መሃል ኮርድ ይጣል፣ በቃ። አኮርዲዮን የምትጫወቱ ከሆነ በልጅነቱ የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኛ የነበረውን ስኮትላንዳዊ አኮርዲዮን ተጫዋች ጂሚ ሻንድን (እ.ኤ.አ. 1908–2000) አድምጡ። ምቱ ንቅንቅ አይልም።

ስምንተኛው ዙር ሲያልቅ የስንብት ኮርድ አሰሙ፣ እንደገና እጅ ይነሳሳሉ። ጭብጨባው ከቀጠለ “አንድ ጊዜ ድገሙን” ማለታቸው ነው። ስለዚህ የአኮርዲዮኑን ማንገቻ ከትከሻችሁ ለማውረድ አትቸኩሉ።