ወር ቆጥሮ የወደፊት ቀን ማውጣት፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ውል እጽፋለሁ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራትንም መዝገብ አስተካክላለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ በስድስት ወር» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ይህን የምጽፈው የወራቱን ተራ ለሚያውቅ፣ ነገር ግን ቆጥሮ ያገኘው ቀን ከሌላው ሰው ቀን ጋር ላልገጠመለት ነው።

ምልክት፦ የመክፈያው ቀን አንድ ወር ሙሉ ቀድሞ መጣ

መንስኤው ጳጉሜ ነው። እኔ ዘንድ ከሚደርሱት ስህተቶች አብዛኛው ይኸው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከመመርመርዎ በፊት እዚህ ይጀምሩ።

አንዲት የመንዝ ገበሬ ለማዳበሪያ ሰኞ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድስት ወር የሚመለስ ብድር ወሰዱ። ገንዘብ ያዡ በጣቱ ቆጠረ፦ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። መዝገቡ ላይ «ኅዳር 16» ብሎ ጻፈ። ቀኑ ሲደርስ ቅጣት መታሰብ ጀመረ። ሴትዮዋ ውሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ፤ «ልጄ፣ ገብሱ ገና ክምር ላይ ነው፤ በምን ልክፈል?» አሉኝ። ውሉን ፈትቼ ሳየው አንዱ መስመር ስድስት ወር ይላል፣ ከሥሩ ያለው ቀን ግን አምስት ወር ብቻ ይሰጣል። በኮሚቴው ፊት እንደገና ተቆጥሮ ቅጣቱ ተሰረዘ። ዋሶቻቸው ግን እስከዚያ ድረስ በስጋት ከርመዋል። አንድ ሰው በጥንቃቄ ባለመቁጠሩ ብቻ!

መፍትሄው ወሩን በቁጥር መያዝ ነው። ሰኔ 10ኛ ወር ነው። 10 ሲደመር 6፣ 16 ይሆናል። ከ12 ስለበለጠ 12 ይቀነሳል፣ 4 ይቀራል፤ 4ኛው ወር ታኅሣሥ ነው። ዓመቱ በአንድ ይጨምራል፣ ቀኑ አይነካም፦ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.። የሚቀነሰው 12 ነው። 13 የቀነሰ ሰው ኅዳር ላይ ያርፋል፤ የገንዘብ ያዡም ስህተት ይኸው ነበር።

የቤት ኪራይም ከዚሁ አያመልጥም። አንድ አከራይ የሱቅ ተከራዩን ለጳጉሜ ለብቻው የወር ኪራይ ጠየቀው፤ ውሉ «በየወሩ» ይላልና። ደመወዝም ኪራይም በልማድ በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው። ውል ሲጽፉ «ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ይታሰባል» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። በወረቀት ቤት የሚሸጡት የተዘጋጁ የውል ቅጾች ይህ መስመር የላቸውም፤ ባዶ ቦታ ሞልቶ መፈረም ብቻ ነው። እነሱን አይመኑ።

ምልክት፦ ሁለቱ ወገኖች የያዙት ቀን በጥቂት ቀናት ይለያያል

ሁለቱም በትክክል ቆጥረው ይሆናል፤ የቆጠሩበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ያንኑ የሰኔ 16 ብድር እንውሰድ። ስድስቱን ወር 180 ቀን ያደረገ ሰው ታኅሣሥ 11 ላይ ይደርሳል። በፈረንጆቹ የቆጠረ ከጁን 23 ተነሥቶ ዲሴምበር 23 ይላል፤ ይህ ደግሞ ታኅሣሥ 14 ነው። በእኛ ወራት የቆጠረ ታኅሣሥ 16 ያገኛል። አንድ ውል፣ ሦስት ቀን።

ስለዚህ ውሉ ላይ የወሩ ብዛት ብቻውን አይቁም። የማለቂያውን ቀን ራሱን ይጻፉ፣ ዕለቱንም ጭምር። ዕለቱ ማረጋገጫ ይሆንዎታል፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ዕለቱ ሁለት ይገፋል፣ ጳጉሜን ሲሻገሩ አምስት ይጨመራል። ስድስት ወር 12፣ ከጳጉሜ 5 ጋር 17፤ ሰባት ሰባቱን ሲያወጡ 3 ይቀራል። ከሰኞ ሦስት ቢቆጥሩ ሐሙስ ነው፤ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በእርግጥም ሐሙስ ነው። ዕለቱ ካልገጠመ እንደገና ይቁጠሩ እንጂ አይፈርሙ። ከነሐሴ ወደ መስከረም ከሆነ ደግሞ ይቀላል፦ ጳጉሜ 5 ቀን በሆነበት ዓመት የነሐሴ 1 ዕለትና የመስከረም 1 ዕለት አንድ ነው።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይቀይረዋል ወይም አልቀበልም ይላል

ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። አቀማመጡ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካው ልማድ ከሆነ፣ ጳጉሜ 3ን «3/13/2017» ብለው ሲጽፉ ማርች 13 አድርጎ ይወስደዋል። የካቲት 5ን «5/6/2018» ሲሉት ሜይ 6 ይለዋል። ጥቅምት 30 «30/2/2018» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ በግራ በኩል ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ስሌት አይሠራበትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይከፋሉ፤ ስህተቱ ትክክለኛ ቀን መስሎ ስለሚቀመጥ ማንም አያየውም። የእኛን ቀን በቀን ሳጥን ውስጥ በፍጹም አይጻፉ! ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይግቡ።

በፈረንጆቹ ለሚሠራ ሰው፦ ጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ሲጨመር ማርች ላይ ከዋለብዎ ኢዴት (EDATE) የሚባለውን የኤክሴል ቀመር ይጠቀሙ፤ እሱ የፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ያቆመዋል።

ምልክት፦ በአንድ ቀን ብቻ ይዛነፋል

ዘመነ ሉቃስን ይጠርጥሩ። ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉ 3 ከቀረ ጳጉሜ 6 ቀን ናት። 2015 እንዲህ ነበር፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚያደርጉ የስልክ ቀን መለወጫዎች አሉ፤ በእንዲህ ያለ ዓመት ከመስከረም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ያሳስታሉ። ለመፈተን ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን ያስገቡ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካላለ ከስልክዎ ያጥፉት። ቀጣዩ ሉቃስ 2019 ነው፤ ያን ጳጉሜ የሚሻገር ውል ካለዎት አሁኑኑ ይመልከቱት።

ምልክት፦ የመውለጃ ቀን ከጤና ጣቢያው ጋር አልገጠመም

ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን 280 ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን የሚሻገር ከሆነ ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነበት ዓመት ዘጠኝ ወር ከ4 ቀን። ለምሳሌ ኅዳር 5 ቀን 2018 ከሆነ ነሐሴ 15 ይሰጣል፤ ጥር 5 ከሆነ ግን ጥቅምት 10 ቀን 2019። በቤት የቆጠሩ ሰዎች ጳጉሜ መኖሩን ረስተው አምስት ቀን ያዘገዩታል። ይህ ግምት ብቻ ስለሆነ የባለሙያውን ቀጠሮ አይተካም፤ በእሱ ተማምነው ክትትል አያቋርጡ።

ምልክት፦ የሙከራ ጊዜ «ሁለት ወር» ተብሎ አለቀ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ጣሪያ 60 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን በወር አይቆጠርም።

ምልክት፦ ውሉ የተጻፈው በጳጉሜ ውስጥ ነው

ከጳጉሜ 3 አንድ ወር የቱ ነው? ወሩን ቢዘሉት መነሻ የለዎትም፣ ቢቆጥሩትም አምስት ቀን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ወር የሚለውን ቃል ይተዉትና በቀን ይዋዋሉ። ከሰኞ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. 30 ቀን ረቡዕ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ውሉ ላይ የሚሰፍረውም ይኸው ቀን ይሁን።