ወጣት ጥፋተኞች የተበዳዩን ጉዳት እንዲያዩ ለማገዝ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች ጥፋት ሲፈጽሙ የአዋቂ ቅጣት እንዳይጣልባቸው፣ ይልቁንም እንደ ተግሣጽ፣ በጥበቃ ሥር እንደሚሰጥ ትምህርት ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም እንደ መላክ ያሉ እርምጃዎች እንዲወሰዱባቸው ይደነግጋል። ልጁ ትምህርትና ሙያ ሲማር በእርሱ የተበደለው ሰው ግን ከመዝገቡ ውጭ በማንም አፍ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልጁ የሚረሳው ነገር እንኳ የለውም፣ ጉዳቱን ጨርሶ አላየውምና።

ልጁ ይህን ጉዳት እንዲያይ የማገዙን ሥራ በጥፋቱ አትጀምሩ። ጎዳና ላይ ያደገ ወይም በቤቱ ሲደበደብ የኖረ ልጅ የራሱን ሕመም ማንም ሳይሰማለት የሌላውን እንዲሰማ ቢጠየቅ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እናንተ መስማት የምትፈልጉትን ይናገራል። ስለዚህ አስቀድሞ እርሱ የተበደለበትን ቀን፣ ያን ቀን ማን ሊረዳው ይገባ እንደ ነበርና ምን እንዳጣ ይናገር። ይህ ሳምንታት ቢወስድም መቸኮል አይገባም።

ቀጥሎ ጥፋቱን ከድርጊቱ ቅጽበት ወዲያ ባሉት ቀናት ላይ ተከታተሉት። ለምሳሌ ስልክ ነጥቆ የሮጠ ልጅ ከሆነ፣ «ያቺ ሴት ያን ምሽት እንዴት ወደ ቤቷ ገባች? በስልኩ ውስጥ የማን ድምፅ፣ የማን ፎቶግራፍ ነበር? በማግስቱ በዚያ መንገድ ስታልፍ ከኋላዋ ኮቴ ብትሰማ ምን ታደርጋለች?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ግን አትንገሩት። «ሀብታም ናት፣ ሌላ ትገዛለች» ቢል አትቆጡት፤ ያንኑ አባባል ሌላ ሰው ስለ እናቱ ቢናገረው ምን እንደሚሰማው ጠይቁትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እንደ እኔ እምነት ከዚህ ዝምታ የሚገኘው ትምህርት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ለተበዳዩ የማይላክ ደብዳቤ ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ በቃሉ ይናገርና ይጻፍለት። «ይቅርታ» የሚለው ቃል እንዲገባ አታስገድዱት፤ ያደረገውን በትክክል መግለጹ ይበቃል።

የልጁንና የተበዳዩን ፊት ለፊት መገናኘት በተመለከተ በ1974 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኤልማይራ ከተማ የሆነው ይጠቀሳል፤ በ22 ንብረቶች ላይ ጉዳት ያደረሱ ሁለት ወጣቶች በየተጎጂው ደጅ እየቆሙ ጉዳቱን ሰሙ፣ ካሣም ከፈሉ። የእኛም ሽምግልና ለዚህ የተዘጋጀ መሠረት ነው፤ ነገር ግን «ይቅር በለው» የሚለው የሽማግሌዎች ልመና በተበዳዩ ላይ ጫና እንዳይሆን አጥብቃችሁ ጠብቁ። ተበዳዩ በፈቃዱ ይምጣ፣ ለብቻው አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ በፈለገም ጊዜ ተነሥቶ ይሂድ። የልጁን ልብ ለማቅናት ሲባል የተበዳዩ ቁስል እንደገና መነካት የለበትም።

ለውጡን በእንባ አትመዝኑ፣ ከተቋሙ መውጣቱንም በጸጸቱ ላይ አታስሩ፤ እንዲህ ከሆነ ልጁ ማልቀስን ይማራል። ይልቁንም ማንም ሳይጠይቀው ሊክስ የሚችልበትን መንገድ ሲያነሣ ታዩታላችሁ፤ ገንዘብ ባይኖረውም የሰበረውን አጥር ለመጠገን ሊጠይቅ ይችላል፣ ያን ጊዜ መዶሻውን አቀብሉት።