የሕፃናትን የቆዳ ድርቀትና ችፌ በቤት ውስጥ እንዴት ማስታገስ ይቻላል?

የሕፃኑ ጉንጭ ሲሻክርና ሲላላጥ ብዙ ወላጆች ቶሎ ቶሎ ማጠብ ይጀምራሉ። ቆዳው ግን ቆሽሾ አይደለም፤ እርጥበት መያዝ አቅቶት ነው። ችፌ (ኤክዜማ፣ ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) ያለበት ቆዳ ውሃው ቶሎ ያመልጠዋል፤ የሚያስቆጡት ነገሮችም በቀላሉ ይገቡበታል። ስለዚህ ዋናው ሥራችሁ እርጥበቱን እዚያው ማቆየት ነው።

መጀመሪያ ቆዳውን በደንብ እዩት። ችፌ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በጉንጭ፣ በግንባር፣ በራስ ቆዳ፣ በእጅና በእግር ላይ ይወጣል። ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ እርጥበት ስለማያጣ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ይቀላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። መቅላቱን ብቻ አትጠብቁ፤ በእጃችሁ ዳስሱት።

ቀጥሎ ገላ መታጠቢያው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በክርናችሁ ስትነኩት ሊያቃጥላችሁ አይገባም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሙቅ ውሃና ረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ድርቀቱን ያባብሳሉ። ሽታ የሌለው ለስላሳ መታጠቢያ ተጠቀሙ፤ እሱንም በቆሸሸው ቦታ ላይ ብቻ። በስፖንጅ መፈተግ ይቅር።

ማሳከኩ ካስቸገረ አጃ ይረዳል። ስኳርም ሆነ ሌላ ነገር ያልተጨመረበትን አጃ እንደ ዱቄት አልሙት። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስታማስሉት ውሃው ወተት ከመሰለ በደንብ ልሟል ማለት ነው። ከዚያ በመታጠቢያው ውሃ ላይ በትኑት። አጃ ስለሚያሙለጨልጭ ልጁን አጥብቃችሁ ያዙ። ቆዳው ከቆሰለ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ይህን ተዉት።

አሁን ዋናው ጉዳይ መጣ። ልጁን ከውሃ ስታወጡት በፎጣ አትሹት፤ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ቆዳው ትንሽ እርጥብ እንዳለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቅባቱን ቀቡት። ከተቀቡ በኋላ ቶሎ የሚጠፉ ቀጫጭን ሎሽኖች ብዙም አይጠቅሙም። ወፍራምና ሽቶ የሌለው ቅባት ይሻላል፤ ተራ ቫዝሊን ርካሽ ነው፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ገላውን ባላጠባችሁት ቀንም ቢሆን። ከቆርቆሮው የምታወጡት በንጹሕ ማንኪያ ይሁን፤ ጣት ጀርም ያስገባል።

ልጁ ለሃጭ የሚያዝረበርብ ከሆነ ከመመገቡ በፊት በአፉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቡት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጉንጩን ግን ታድነዋለች።

«ተፈጥሯዊ» የተባለ ሁሉ ለሕፃን ቆዳ አይሆንም። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላሉ። ሽታቸው የሚያውድ የዕፅዋት ዘይቶች ያስቆጣሉ። በጣም የሚወደሰው የወይራ ዘይት እንኳ የቆዳውን መከላከያ ሊያዳክም ይችላል። ዘይት ካማራችሁ ንጹሕ የኮኮናት ዘይት ይሻላል። እሱንም በትንሽ ቦታ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። የለውዝ ዘይትን ግን ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ አትቀቡ፤ በተጎዳ ቆዳ የገባ ምግብ በኋላ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

የቀረው ቀላል ነው። የጥጥ ልብስ አልብሱት፤ ሱፍ ይኮሰኩሳል። አትደራርቡበት፤ ላብ ማሳከኩን ይቀሰቅሳል። ልብሱን ሽቶ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ። ጥፍሩን አሳጥሩ። የምታጠባ እናትም ለልጁ ችፌ ስትል ሐኪም ሳታማክር ምግብ መቀነስ የለባትም።

ቆዳው መግል ከያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ካበጀ ወይም ውሃ የቋጠሩ የሚያሙ ቁስሎች በድንገት ከወጡበት፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክም ሐኪም ያሻዋል። ሐኪሙ ቀለል ያለ የስቴሮይድ ክሬም (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ካዘዘ አትሽሹ፤ በታዘዘው ልክ ከተቀባ ብዙ ልጆችን ይረዳል። ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ በአንድ ሌሊት ያድናል የሚባል ቅባት ነው የሚያስፈራው፤ ጠንካራ ስቴሮይድ በድብቅ ሊኖርበት ይችላል።