የቤት ብድር መቼ ልፈርም? ወለድ ይወርዳል ብሎ ቀብድ ካስበላ የድሬ ሰው

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ቤት ስትገዛ አንድ ቃል አስተማረችኝ፦ «ሎክ»። እዚያ አበዳሪው የነገረህን ወለድ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ቆልፎ ይይዝልሃል። ገበያው ቢወጣም አንተን አይነካህም። ከፈረምክ በኋላም ብዙው ብድር ለ30 ዓመት ወለዱ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የምትቆልፍባት ቀን ትልቅ ነገር ናት። በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ የቆለፈ ከ3 በመቶ በታች አገኘ። በ2023 ጥቅምት የሄደ 7 ከምናምን ከፈለ።

እኔም ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ቤት ልገዛ ስነሳ ይህን ምክር ድሬ ላይ ልሠራበት ሞከርኩ። 100 ሺህ ብር አስከፈለኝ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ በፊት ግን ከሥራው እንጀምር።

መጀመሪያ ባንኩን የውሉን ረቂቅ ጠይቁ። ወለዱ ስንት እንደሆነ ሁሉም ይነግራችኋል። እናንተ መፈለግ ያለባችሁ ሌላ አንቀጽ ነው። «ባንኩ የወለዱን መጠን በማንኛውም ጊዜ ማሻሻል ይችላል» የሚል ነገር አለ ወይ? ካለ፣ የፈረማችሁባት ቀን ወለድ ለዚያች ቀን እንጂ ለ20 ዓመት አይደለም። ዛሬ በ16 ገብታችሁ ከዓመት በኋላ 18 ልትሆኑ ትችላላችሁ። የሚቆለፍ ነገር የለም። የማይቆለፍ ነገር ደግሞ እስኪወርድ መጠበቅ ትርጉሙ ትንሽ ነው፤ ወደፊት ቢወርድ ውስጥ ሆናችሁ ቅናሽ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቢወጣ ግን ቀድሞ የገባውም ኋላ የገባውም እኩል ይመታል።

ረቂቁን «ከጸደቀ በኋላ እንሰጣለን» ካሏችሁ አትስማሙ። ማናጀሩ ጋ ግቡ። ቤት ወስዳችሁ ሻይ እየጠጣችሁ አንብቡት። ቀድሞ ብድሩን መዝጋት ቅጣት እንዳለውም እዚያው እዩ።

ወለዱ ለተወሰኑ ዓመታት አይቀየርም የሚል ውል ካገኛችሁ ነገሩ ይለያል። ያኔ የአክስቴ ልጅ ምክር ይሠራል፣ ቀኗን መምረጥ ያዋጣል።

ድሬና ሐረር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሄድበት ወለድ አልባው መንገድ አለ። ሙራባሃ ከሆነ ባንኩ ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል። ጠቅላላ ዋጋው በፊርማው ቀን ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ከ«ሎክ» ጋር የሚቀራረበው ይሄ ነው። ክፍያው በሽርክናና በኪራይ የሚሰላበት ሌላ ዓይነት ግን አለ፤ እሱ ላይ ኪራዩ ይከለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ብድሩ 2 ሚሊዮን ብር፣ ዘመኑ 20 ዓመት ይሁን። በ16 በመቶ የወሩ ክፍያ ወደ 27,800 ብር ነው። በ17 ወደ 29,300። የ1 በመቶ ልዩነት በወር 1,500 ብር ገደማ ማለት ነው፤ በ20 ዓመት ሲደመር 360 ሺህ አካባቢ። ትልቅ ብር ነው፣ አልክድም። ግን 4 ሚሊዮን የተባለው ቤት እናንተ ወለድ ስትጠብቁ 10 በመቶ ቢጨምርስ? 400 ሺህ ሄደ፣ እሱም በአንዴ። ስልክ ላይ ያለ የብድር ማስያ በነፃ ይሠራላችኋል። የደላላ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሒሳብ ግን አትመኑ፣ ደላላ ወለድ መደመር አይወድም።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በ2016 ጥቅምት ብድሬ ጸደቀ፣ ኦፈር ሌተሩ፣ ማለትም ባንኩ ብድሩን በምን ውል እንደሚሰጥ የሚገልጸው ደብዳቤ፣ እጄ ገባ። የሚያገለግለው ለ30 ቀን ነበር፣ ከታች በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ለሻጯ 100 ሺህ ቀብድ ሰጥቻለሁ፣ ሁለት ወር ተዋውለናል። በርጫ (ጫት ቅሚያ) ላይ አንዱ ወዳጄ «አቦ ምን አስቸኮለህ፣ ወለድ ሊወርድ ነው» አለኝ። የውሌ ወለድ ተለዋዋጭ መሆኑን እንኳ አላየሁም፤ ጠበቅኩ። ስመለስ ደብዳቤው ጊዜው አልፎበታል፣ እንደገና ይታይ ተባለ። ከዚያ ደግሞ «የብድር ጣሪያው ሞልቷል» አሉኝ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር። ወለዱን ስጠብቅ ብሩ ራሱ አለቀ ማለት ነው።

ሻጯ ትልቅ እናት ናቸው። ሁለት ሳምንት ጨመሩልኝ። በኋላ «ልጄ፣ እኔም ያሰብኩበት አለኝ» ብለው ለሌላ ሸጡ። ቀብዱ እዚያው ቀረ። ሕጉም ይሄው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። እኔ የጠበቅኩት ቅናሽም አልመጣም። እንዲያውም በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንኩ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም የገበያውን ወለድ አቅጣጫ የሚያሳይበት የራሱ ወለድ፣ ጀመረ፤ በ15 በመቶ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ካርታውን መሬት አስተዳደር አሳይታችሁ እዳና እገዳ አለመኖሩን አረጋግጡ። የባንኩ ኢንጂነር ቤቱን ይገምት። ግምቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሻጩ ከሚጠራው ዋጋ ያንሳል፣ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው። ያን ስታውቁ ብቻ ቀብድ ስጡ። በቀብዱ ውል ላይ ሁለት ነገር አስገቡ፦ የመጨረሻው ቀን ከኦፈር ሌተሩ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ይለፍ፤ ባንኩ ብድሩን ባይለቅ ደግሞ ቀብዱ ይመለስ። ሁለተኛዋን ሻጮች ይግደረደራሉ። ቀብዱን ከፍ አድርጉላቸው፣ ይስማማሉ።

ኦፈር ሌተሩ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ፈርሙ። ተለዋዋጭ ከሆነ የምትጠብቁት የለም፤ ቋሚ ከሆነና ወርኃዊው ክፍያ ከደመወዛችሁ ሲሶ ካላለፈ ደግሞ ያዙት።

ለፊርማ ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ ድሬ ላይ ሙቀቱ አለ፣ ሲስተም የለም ይባላል፣ ከባንኩ ፈራሚዎች አንዱም ይጠፋል።